ክፍለ ጊዜው የልጆቹ ነው፦ «የገጠር ትምህርት ቤት ጎብኙ» ለሚለው ምክር የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ የጉዞ ጽሑፍ ከሰው ወደ ሰው ሲዞር ነበር። ለእኔም ሦስት ጓደኞቼ ላኩልኝ። ሦስቱም መምህር እንደነበርኩ ያውቃሉ። ደስ ይልሃል ብለው ነው የላኩት። አንዳንዱ ቦታ በእርግጥ ደስ ብሎኛል። ብዙው ግን አሳስቦኛል። ዝም ብዬ ለማለፍ ስላልቻልኩ ነው ይህን የምጽፈው።

ጸሐፊው አሜሪካ የሚኖሩ ወገናችን ናቸው። ኦገስት ላይ ባለቤታቸውንና ልጆቻቸውን ይዘው ታንዛኒያ ሄዱ። ከአሩሻ ከተማ ተነሥተው በካራቱ በኩል ንጎሮንጎሮ ወጡ፤ ከዚያም ሴሬንጌቲ ገቡ፤ ሁለቱም የዱር አራዊት ጥብቅ ቦታዎች ናቸው። ከአንበሳውም ከዝሆኑም በላይ ልባቸውን የነካው ግን መንገድ ላይ ያዩት የገጠር ትምህርት ቤት ነው። ስለዚህ ወደ ውጭ አገር የሚጓዝ ሐበሻ ሁሉ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ሳያይ እንዳይመለስ ይመክራሉ።

ምክሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ቀጠሮ አያስፈልግም፤ ለሹፌሩ ከነገርከው ያቆምልሃል። እስክሪብቶና ከረሜላ ይዘህ ግባ፤ ለልጆቹ በእጃቸው አድል። ፎቶ አንሣ፤ ልጆቹ ይወዱታል። ከቻልክ አንድ ክፍለ ጊዜ እንግሊዝኛ አስተምር። ስትወጣ መምህሩን ጥቂት ዶላር አስጨብጠው። ልጆቹ ምንም ሳይኖራቸው እንዴት ደስተኛ እንደሆኑ አይተህም ተማር።

እኔ ስድስት ዓመት የገጠር መምህር ነበርኩ። ትምህርት ቤታችን ሰሜን ተራሮች ውስጥ፣ ከጨነቅ ካምፕ ወዲያ፣ ወደ ራስ ዳሽን የሚወጡ ቱሪስቶች በሚያልፉበት መንገድ ዳር ነው። በኋላ ደግሞ ለሥራ አሩሻ ሦስት ወር ቆይቻለሁ። ጸሐፊው ያለፉበትን መንገድ አውቀዋለሁ። እርሳቸው በሩን ከፍተው ሲገቡ፣ ጠመኔ ይዞ ሰሌዳው አጠገብ የቆመው ሰው እኔ ነበርኩ ማለት ይቻላል። የጸሐፊውን ቅንነት አልጠራጠርም። ነጥብ በነጥብ የምመልሰውም ምክሩን የሚከተሉ ሰዎች ስለሚኖሩ ነው።

«ቀጠሮ አያስፈልግም»

ከሁሉም በላይ ያልተስማማኝ ይኼኛው ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ኅዳር ነበር። 5ኛ ክፍል፣ ሒሳብ፣ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ። የምናስተምረው ክፍልፋይ ነው። ክፍልፋይ ላይ ልጆች የሚሳሳቱት ስሕተት ይታወቃል። 4 ከ3 እንደሚበልጥ ስለሚያውቁ 1/4ኛም ከ1/3ኛ ይበልጣል ይላሉ። ሰሌዳ ላይ ብትጽፍላቸው ይገለብጡታል እንጂ አይገባቸውም። ስለዚህ ያን ቀን ሁለት ድፎ ዳቦ ይዤ መጣሁ። የጋገሩልኝ አከራዬ ናቸው። አንዱን ለሦስት ቆረጥኩ። ሌላውን ለአራት። ከሁለቱም አንዳንድ ቁራሽ አንሥቼ ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ነበረች። ከመስከረም ጀምሮ እጇን አውጥታ አታውቅም። ቁራሾቹን እያየች ክንዷን ከነጠላዋ ውስጥ ቀስ አድርጋ ስታወጣ አየኋት።

በዚህ መሀል የመስኮቱ ብርሃን ጠፋ። ስድስት ፈረንጆች በመስኮቱ ያዩናል።

64ቱም ልጅ ከዴስኩ ተነሣ። መንገድ መሪው በሩን ከፈተና «መምህር፣ አምስት ደቂቃ ብቻ» አለኝ። ምን እላለሁ? እንግዳ ነው፣ ከሩቅ የመጣ ነው፣ በባህላችን እንግዳ አይመለስም። ገቡ። ልጆቹ መዝሙር ዘመሩ። ፎቶ ተነሡ። አንዱ እንግዳ ኮፍያውን ለአንድ ልጅ አጠለቀለት፤ ኮፍያው ክፍሉን ሁሉ ዞረ። አምስት ደቂቃው 25 ደቂቃ ሆነ። ክፍለ ጊዜው ደግሞ 40 ደቂቃ ነው። እንግዶቹ ሲወጡ የተሰቀለው ቸርኬ ተደወለ። ወደ ጠረጴዛው ስመለስ ዳቦው የለም። ልጆች ናቸው፣ ይብሉት። የዚያች ልጅ ጥያቄ ግን ምን እንደነበር እስከ ዛሬ አላወቅሁም። በማግሥቱ ስጠይቃት አንገቷን ደፋች።

እንዲህ ያለው ቀን አንድ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩት። ግን ወቅቱን አስቡት። በእኛ አገር ቱሪስት የሚበዛው ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ አረንጓዴ የሚሆነው፣ ገናና ጥምቀትም የሚከበሩት ያኔ ነው። ያው ወቅት የአንደኛው መንፈቀ ዓመት ትምህርት እምብርት ነው። የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ጥር ላይ ይመጣል። በታንዛኒያም ተመሳሳይ ነው። የሳፋሪው ሰሞን ከጁን እስከ ኦክቶበር ሲሆን፣ የ7ኛ ክፍል ልጆች የአንደኛ ደረጃ መልቀቂያ አገር አቀፍ ፈተና የሚፈተኑት ሴፕቴምበር ላይ ነው። ጸሐፊው ኦገስት ላይ በሩን የከፈቱበት ክፍል፣ ፈተና ወር ያህል ብቻ የቀረው ሊሆን ይችላል።

ደግሞ ጸሐፊው የራሳቸው ልጆች የሚማሩበትን ትምህርት ቤት ያስቡ። አሜሪካ ውስጥ አንድ የማይታወቅ ሰው ዘው ብሎ ክፍል አይገባም። በዋናው በር ቢሮ ይሄዳል። መታወቂያ ያሳያል። ስሙ ይመዘገባል። ደረቱ ላይ የጎብኚ ባጅ ይለጠፍለታል። ወላጅ እንኳ ቢሆን እንዲሁ ነው። የካራቱ ልጅ ከዚህ ያነሰ ጥበቃ ለምን ይገባዋል? ታንዛኒያ ውስጥም ቢሆን ሥርዓቱ አለ። ወደ አንድ ትምህርት ቤት የሄደ እንግዳ መጀመሪያ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ይገባል። እዚያ የእንግዳ መዝገብ አለ፤ ስምህን፣ ከየት እንደመጣህና ለምን እንደመጣህ ጽፈህ ትፈርማለህ። ጸሐፊው ይህን መዝገብ አያነሡም። ሹፌሩ በአቋራጭ አስገብቷቸዋል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ሰላምታው ልጨምር። ጸሐፊው ልጆቹ የሆነ ነገር እየጮኹ ሲቀበሏቸው እጃቸውን አወዛውዘው እንዳለፉ ጽፈዋል። ቃሉ «ሺካሞ» ይመስለኛል። ስዋሂሊ ተናጋሪ ልጅ በዕድሜ የሚበልጠውን የሚሰላምበት የአክብሮት ቃል ነው። መልሱ «ማራሃባ» ነው። ልጅ ሺካሞ ብሎ ማራሃባ ካልተባለ፣ እኛ ጋ ጎንበስ ብሎ ጉልበት የሳመ ልጅ ሳይመረቅ እንደ መቅረቱ ነው። ይህን ለመማር አንድ ደቂቃ ይበቃል።

«እስክሪብቶና ከረሜላ ለልጆቹ በእጃቸው»

20 እስክሪብቶ ለ64 ልጅ ሲታደል ምን እንደሚሆን አይቻለሁ። መጀመሪያ ይሰለፋሉ። ከዚያ ሰልፉ ይፈርሳል። ትልልቆቹ ወንዶች ትንንሾቹን ይገፈትራሉ። አንዲት የ1ኛ ክፍል ልጅ ወድቃ ደብተሯ ተረግጦ ለሁለት ሲቀደድ አንሥቼላታለሁ። እስክሪብቶ አልደረሳትም፤ የነበራትንም ደብተር አጣች። እንግዶቹ ግን ከፊት ስለነበሩ አላዩዋትም። ያዩት ሃያ ፈገግታ ነው።

ዋናው ችግር የሚመጣው ግን ከዚያ በኋላ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ስም ስጠራ ዘጠኝ፣ አሥር ልጅ የለም። የት እንዳሉ እናውቃለን። መንገድ ላይ ናቸው። «ዩ! ዩ!»፣ «ፔን!»፣ «ሃይላንድ!» እያሉ ከቱሪስት ኋላ ይሮጣሉ። በሰሜኑ መንገድ የተጓዘ ሰው ይህን ጩኸት ያውቀዋል። ሃይላንድ የሚሉት ባዶ የውኃ ፕላስቲክ ነው። ልጁ አስቦታል። ክፍል ገብቶ ቢቀመጥ ዛሬ የሚያገኘው ነገር የለም። መንገድ ላይ ቢውል ግን ሦስት እስክሪብቶ ያገኛል። እስክሪብቶውንም አይጽፍበትም፤ ሱቅ ወስዶ በከረሜላ ይለውጠዋል። ባለሱቁ እስክሪብቶውን መልሶ ለወላጅ ይሸጠዋል። እንግዳው ለትምህርት ብሎ የሰጠው ነገር ልጁን ከትምህርት አስቀረው። ልጁን አልወቅሰውም። በእርሱ ዕድሜና በእርሱ ቦታ ብሆን እኔም እሮጥ ነበር።

ታንዛኒያም ጩኸቱ ሌላ ቃል ነው እንጂ ነገሩ ያው ነው። እዚያ «ፒፒ» ነው የሚሉት፤ ከረሜላ ማለት ነው። ሰፈሩ ውስጥ የጥርስ ሐኪም የሌለው ልጅ ለከረሜላ አስፋልት ዳር ቆሞ ይውላል፤ መኪና ሲያይ ይሮጣል። በዚያ ፍጥነት በሚበር መኪና አጠገብ የሚሮጥ ልጅ ማየት ያስፈራል።

እኛ ትምህርት ቤት በመጨረሻ መፍትሔ ያመጡት ወላጆች ናቸው። ርዕሰ መምህራችን ከወላጅና መምህር ኅብረቱ ጋር ቁጭ ብሎ አንድ ሕግ አወጣ። ማንኛውም ስጦታ በቢሮ በኩል ይገባል። በሞዴል 19 (በንብረት ገቢ ደረሰኝ) ተመዝግቦ ንብረት ክፍል ይቀመጣል። እስክሪብቶና ደብተሩ መስከረም ላይ መግዛት ላቃታቸው ልጆች ይሰጣል፤ የቀረው ለፈተና ቀን። መንገድ መሪዎቹም እንግዳው ከመድረሱ በፊት እንዲነግሩልን ተስማማን። ሁሉም አላከበሩትም። ያከበሩት ግን ብዙ ለውጥ አምጥተዋል። በሁለተኛው ዓመት ስም ስጠራ መንገድ ላይ ቀርተው የሚጎድሉት ሁለት ወይም ሦስት ነበሩ።

ጸሐፊው «እኔ ካልሰጠሁ ማን ይሰጣቸዋል?» ብለው ይጠይቃሉ። ይስጡ እንጂ! ማንም አትስጡ አላለም። ከመግዛትዎ በፊት ግን ምን እንደጎደለ ይጠይቁ። አንዱ ትምህርት ቤት ጠመኔ ጎድሎታል፤ ሌላው የጣሪያ ቆርቆሮ፤ ሌላው የውኃ ታንከር። ከአሜሪካ ተጭኖ የመጣ እስክሪብቶ አሩሻ ገበያ በርካሽ ይገኛል፤ እዚያ ሲገዛ ደግሞ የሰፈሩ ነጋዴም ይጠቀማል።

«መምህሩን አስጨብጠው»

አብሮኝ የሚያስተምር አንድ ባልደረባ ነበረኝ። አንድ ቀን አንድ እንግዳ በሁሉም ፊት 50 ዩሮ አስጨበጠው። ለትምህርት ቤቱ ነው አለው። ባልደረባዬ ወደ ደባርቅ ሲወርድ ዘረዘረው። ኳስ ገዛ፣ ጠመኔ ገዛ፣ ለቤተ መጻሕፍቱ ቁልፍ ገዛ። የተረፈውንም አስረከበ። ደረሰኝ ግን የለውም። መንደሩ ያየው ነጩ ሰውዬ ገንዘብ ሲሰጠው ነው። ስንት እንደሆነ ማንም አያውቅም። 50 ዩሮው በወሬ 500 ሆነ፤ ከዚያም ከዚያ በላይ። ዓመት ሙሉ በገበያ ቀን ሰው ሲያገኝ ዓይኑን ወደ መሬት ያደርግ ነበር። በመጨረሻ ዝውውር ጠይቆ ሄደ። ጎበዝ የሳይንስ መምህር ነበር። በቦታው ሌላ የሳይንስ መምህር እስኪመጣ ስምንት ወር ፈጀ።

ገንዘቡ ቢሮ ገብቶ ቢሆን፣ ደረሰኝ ተቆርጦ ቢሆን፣ ኅብረቱ አውቆት ቢሆን፣ ያ ሰው አይሄድም ነበር። ጸሐፊው ደረሰኝ መጠየቅ መምህሩን አለማመን ይመስላል ይላሉ። እኔ ተቃራኒውን ነው ያየሁት። መምህሩን ከሐሜት የሚያድነው ደረሰኙ ነው።

«ፎቶ አንሣ፣ ልጆቹ ይወዱታል»

ብዙዎቹ ይወዱታል፤ እውነት ነው። ራሳቸውን ስክሪን ላይ ሲያዩ የሚስቁት ሳቅ ልብ ያሞቃል። ግን የማይወደውም ልጅ እምቢ ማለት አይችልም። ትልቅ ሰው ነው ካሜራ የያዘው። መምህሩም ቆሞ እያየ ዝም ብሏል። ልጁ በማን ፊት እምቢ ይበል?

ሁለት ዓይኑን ትራኮማ የያዘው የ2ኛ ክፍል ተማሪ ነበረኝ። ትራኮማ በአማራ ክልል ገጠር ብዙ ሰው የሚያሠቃይ በሽታ ነው። ያን ሰሞን ቅባት ተጀምሮለት ነበር፤ ግን ዝንቡ ገና አልለቀቀውም። አንድ ጎብኚ ትልቅ ካሜራ ይዞ ፊቱ ድረስ ተጠጋ። ከክፍሉ ልጆች ሁሉ መሀል እርሱን መረጠ። ልጁ እንደ ሌሎቹ አልሳቀም። ሰውዬው ከሄደ በኋላ መጥቶ «መምህር፣ ለምን እኔን ብቻ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። በማግሥቱ ከክፍል ቀረ። እናቱ ጋ ሄጄ ነው ያመጣሁት።

በጸሐፊው ጽሑፍ ላይ አሥራ አንድ ፎቶ አለ። በአንዱ ላይ የአንዲት ልጅ ፊት ሙሉ በሙሉ ይታያል። ሸሚዟ ላይ የትምህርት ቤቷ ስም ይነበባል። የመንደሩም ስም ከሥር ተጽፏል። የራሳቸውን ልጆች ፊት ግን ሸፍነዋል። እንደ አባት ትክክል አድርገዋል። ያችም ልጅ አባት አላት። ያን አንዱን ፎቶ እንዲያወርዱት ከልቤ እለምናለሁ።

«አንድ ክፍለ ጊዜ እንግሊዝኛ አስተምር»

ይኼን በአጭሩ። በታንዛኒያ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚማሩት በስዋሂሊ ነው። እንግሊዝኛ አንድ የትምህርት ዓይነት ነው። ስለዚህ ልጆቹ «ጉድ ሞርኒንግ ቪዚተር» ሲሉ የሸመደዱትን ነው የሚሉት፤ ከዚያ በኋላ በፍጥነት የተነገራቸውን አብዛኛውን አይከተሉም። ክፍሉ የሳቀው እንግዳው ስለሳቀ ነው። መምህሩ ደግሞ ዕቅድ አለው፤ ሳምንቱን ከፋፍሎ ጽፎታል፤ ሱፐርቫይዘር ሲመጣ የሚጠየቀው እርሱ ነው። ልምድ ያለው መምህር ከሆኑና ማካፈል ከፈለጉ፣ ትምህርት ካለቀ በኋላ ከመምህራኑ ጋር ይቀመጡ። እነርሱም የሚያካፍሉት አላቸው።

ዶማና ባልዲ የያዙት ልጆች

አንድ ቦታ ላይ ጸሐፊው አዝነዋል። ልጆቹ ዶማ ይዘው የትምህርት ቤቱን እርሻ ሲቆፍሩ፣ ሌሎቹም ጠዋት ግቢ ሲጠርጉና ባልዲ ውኃ ሲሸከሙ አይተው የልጅ ጉልበት ብዝበዛ መሰላቸው። ይህ አለማወቅ ነው። የታንዛኒያ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ ከፖለቲካ በፊት መምህር ነበሩ። ታንዛኒያዊያን እስከ ዛሬ «ምዋሊሙ»፣ መምህሩ፣ ብለው ነው የሚጠሯቸው። እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጡት ራስን የመቻል ትምህርት መመሪያ፣ ተማሪ ከሥራ እንዳይለይ፣ ትምህርት ቤቱም እርሻ እንዲኖረው አድርገዋል። ልምዱ ዛሬም በብዙ ገጠር ትምህርት ቤቶች አለ። ያ በቆሎ የልጆቹ ምሳ ሊሆን ይችላል። ሥራው አይበዛም ወይ ብሎ መከራከር ይቻላል፤ እነርሱም ይከራከሩበታል። መጠየቅ ግን ከመፍረድ ይቀድማል።

«ምንም ሳይኖራቸው ደስተኞች ናቸው»

ጸሐፊው እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ቦታዎችን አንድ አድርገዋል። አንዱ እስካሁን ያወራሁለት የገጠር ትምህርት ቤት ነው። ሌላው ከንጎሮንጎሮ ወደ ሴሬንጌቲ በሚወስደው መንገድ ያለ የማሳዮች ቦማ (የከብት አርቢዎቹ መንደር) ውስጥ ነው። ጭፈራው ታየ፣ ቤቱ ተጎበኘ፣ ከዚያ ከእንጨት የተሠራች ክፍል ገቡ። ሕፃናቱ በእንግሊዝኛ ከአንድ እስከ ሃያ ቆጠሩ። በር ላይ ሣጥን ነበር። በዚያ መንገድ ያለፈ ጎብኚ ሁሉ ይህን ቅደም ተከተል ያውቀዋል። የጉብኝቱ ፕሮግራም አካል ነው። ሕፃናቱ መኪና በመጣ ቁጥር ይቆጥራሉ።

ማሳዮቹን አልወቅስም። ንጎሮንጎሮ እ.ኤ.አ. በ1959 ሲከለል ሰውና አራዊት አብረው እንዲኖሩበት ነበር የታሰበው። ከጊዜ ወዲህ እርሻው ተከለከለ፤ ግጦሹ ጠበበ። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ብዙ ቤተሰቦች ሩቅ ወዳለችው ወደ ምሶሜራ ተዛውረዋል። የቀረው ሰው የሚኖረው ከብቱንና ቱሪስቱን ይዞ ነው። ግን እዚያ የታየውን አይቶ የገጠር ልጆች ደስታ እንዲህ ነው ማለት ስሕተት ነው።

ሕፃናትን ማየት ገንዘብ ሲያስገኝ ምን እንደሚከተል ካምቦዲያ አሳይታለች። እዚያ ነገሩ የሕፃናት ማሳደጊያ ነበር እንጂ ትምህርት ቤት አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2010 ባለው ጊዜ የማሳደጊያዎቹ ቁጥር በ75 በመቶ ጨመረ። ውስጥ ካሉት ልጆች ግን ከአራቱ ሦስቱ ያህል ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት ነበራቸው። ጎብኚው ሲበዛ ልጆች ከቤታቸው ወጥተው ለጎብኚ የሚታዩበት ቦታም በዛ። እ.ኤ.አ. በ2011 «ልጆች የቱሪስት መስህብ አይደሉም» የሚል ዘመቻ የተጀመረው ለዚህ ነው።

ስለ ደስታው ደግሞ ይህን ልበል። 20 ደቂቃ የቆየ እንግዳ የሚያየው እንግዳ የመጣበትን 20 ደቂቃ ነው። እንግዳ ሲመጣ እኛም እንደሰታለን፤ ቤታችን ባዶ ቢሆንም። እንግዳው ያላየው ሌላ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳ ሲደርስ ክፍሉ በግማሽ ይጎድላል። ከሰዓት በኋላ ፈረቃ የምትገባ ልጅ ከጠዋት ጀምሮ ውኃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ተጉዛ ትመጣለች፤ ዴስኩ ላይ እንቅልፍ ይጥላታል። ትንሽ ከፍ ስትል ደግሞ ትቀራለች። እኔ ከ1ኛ ክፍል ያስተማርኳቸው ሴቶች ከፍ ወዳለ ክፍል ሲደርሱ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። እነዚህ ልጆች ደስታ አያውቁም አልልም። ይጫወታሉ፤ ይስቃሉ። ግን የጎደላቸውን አንድ በአንድ ያውቁታል። ጠይቋቸው፣ ይዘረዝሩላችኋል።

ደግሞ ያ ያስተማርኩበት አገር ዛሬ ሌላ ነው። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ባለው ግጭት በሺህ የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ልጆቹ ያጡት ያንኑ 40 ደቂቃ ነው። ስለዚህ ክፍለ ጊዜ ሲባል እንደ ትንሽ ነገር መስማት አልችልም።

ታዲያ አንሂድ ወይ?

ሂዱ። ጸሐፊው ልጆቻቸው ያንን ትምህርት ቤት አይተው ስለ ራሳቸው ትምህርት ብዙ እንደጠየቁ ጽፈዋል። እኔን ደስ ያለኝ ያ ቦታ ነው። ሌላም ሰው ይህን ቢያገኝ እወዳለሁ። ግን በደንብ የሄደ ሰው አይቻለሁ።

ከኔዘርላንድ የመጣች መምህርት ነበረች። ከአንድ ቀን በፊት በመንገድ መሪው በኩል መልእክት ላከች። ርዕሰ መምህራችን ዓርብ ትምጣ አለ። ዓርብ መጣች። ቢሮ ገብታ ስሟን ጻፈች። አንድ ክፍለ ጊዜ ከኋላ ተቀምጬ ባይ ይፈቀድልኛል ወይ አለች። ተፈቀደላት። የመጨረሻው ዴስክ ላይ ሁለት ልጆች ጠበብ ብለው አስቀመጧት። ካሜራ አላወጣችም። ልጆቹ ለአምስት ደቂቃ ዞር ዞር እያሉ አዩዋት፤ ከዚያ ረሷት። አስተማርኩ፤ ሳይቋረጥ ቸርኬው ተደወለ።

ከዚያ ከእኛ ጋር ቡና ጠጣች። መንገድ መሪው እያስተረጎመ ስለ ክፍልፋይ አወራን። የእርሷም ተማሪዎች 1/4ኛ ከ1/3ኛ ይበልጣል እንደሚሉ ስትነግረን ሁላችንም ሳቅን። እርሷ በወረቀት ማጠፍ እንደምታስተምር አሳየችኝ። ከዚያ በኋላ ዳቦ አላስጋገርኩም፤ በአሮጌ ደብተር ወረቀት ነበር የማስተምረው።

ስትሄድ ርዕሰ መምህሩን ምን እንደጎደለን ጠየቀችው። መጽሐፍ ወይም ኮምፒውተር ይላል ብዬ ጠብቄ ነበር። «የሴቶች መጸዳጃ በር» ብሎ መለሰላት። በሩ ከወደቀ ዓመት አልፎታል። ሴቶቹ ልጆች እየተጠባበቁ በነጠላ እየከለሉ ነው የሚገቡት፤ አንዳንዶቹ ጨርሶ ከቤታቸው አይመጡም። ገንዘቡን ቢሮ ከፈለች። ደረሰኝ ተቆረጠላት። የሰፈሩ አናጢ ቅዳሜና እሑድ ሠራው፤ ከውስጥ መሸንጎሪያ አደረገለት።

ሰኞ ጠዋት ሰልፉ ካለቀ በኋላ ሴቶቹ ክፍል አልገቡም። ሄጄ ሳይ መጸዳጃው ፊት ተሰልፈዋል። አንዷ ትገባለች፤ ከውስጥ ትሸነጉራለች፤ የቀሩት ከውጭ ይገፋሉ፤ አይከፈትም። ከዚያ ከፍታ ትወጣና ተራው የሚቀጥለዋ ይሆናል። ሁሉም እስኪሞክሩት ድረስ ቆሜ ጠበቅኳቸው።